ከግዳጅ መልስ፦ ለሐበሻ ቤተሰቦች የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት መመሪያ

ይህ መመሪያ በአሜሪካ ጦር፣ በናሽናል ጋርድ ወይም በሪዘርቭ (ሲጠሩ ብቻ በሙሉ ጊዜ በሚያገለግሉት) የሚያገለግል ልጅ፣ ባል፣ ሚስት ወይም ወንድም ከውጭ ግዳጅ ሲመለስ ምን እናድርግ ለሚሉ ቤተሰቦች ነው። ጦሩ በቋንቋ ችሎታቸው የውጭ ዜጎችን ይመለምልበት በነበረው ማቭኒ በተባለው ፕሮግራም አማርኛ ተካቶ ስለነበር በዚያ በር የገቡ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን እዚያው ያደጉ ልጆች ናቸው። ወላጆቻቸው እንግሊዝኛውን ቢችሉም የጦሩን ቋንቋ አይችሉም፤ እሱ ሌላ ቋንቋ ነው።

አብዛኛው ቤተሰብ ጉልበቱንም ገንዘቡንም የሚጨርሰው በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ ነው። ችግር ግን ያን ቀን አይመጣም። እንግዳው ሲሄድ፣ ፈቃዱ ሲያልቅ፣ ደመወዙ ሲቀንስ፣ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ባለው ጊዜ ነው ብቅ የሚለው። የወረቀቶቹም ቀነ ገደብ የሚያልቀው አብዛኛው ከዚያው ሰሞን ጀምሮ ነው። ስለዚህ ድግሱን ቀንሱ፣ ጉልበታችሁን ለኋላ አስቀምጡ።

(«ወታደሩ» ስንል ሴቷንም ማለታችን ነው። እናት የሆነች ወታደር የሚገጥማትን ለብቻው ጽፈነዋል።)

1. ከመምጣቱ በፊት ባለው ሳምንት

ከሰዓቱ እንጀምር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ዩኒቱ (የሚያገለግልበት የጦር ክፍል) የሚልከው መልእክት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 0300 ማለት በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ 2100 ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት። «ሦስት ሰዓት ይገባሉ» ተብሎ በስልክ ከተላለፈ አንዱ በሌሊት፣ ሌላው በጠዋት፣ ሌላው በምሽት ይመጣል። መልእክቱን በአማርኛ ስታስተላልፉ ቁጥሩንም «ከሌሊቱ» ወይም «ከምሽቱ» የሚለውንም አብራችሁ ጻፉ።

የመምጫው ቀን ራሱ ይቀያየራል። አውሮፕላን ይዘገያል፣ ጋርድና ሪዘርቭ የሆኑት ደግሞ ወደ ቤት ከመለቀቃቸው በፊት በአገር ውስጥ ካምፕ ለቀናት ወረቀትና ሕክምና ሲጨርሱ ይቆያሉ። ከሌላ ግዛት የሚመጣ ዘመድ ቀኑ የማይቀየር ትኬት አይግዛ። የበረራውን ቀንና ቦታ ፌስቡክም ቲክቶክም ላይ አትለጥፉ፤ ለራሱም ለዩኒቱም ደኅንነት ሲባል የተከለከለ ነው።

አቀባበሉ ቤዝ ውስጥ ከሆነ ሪል አይዲ (የፌዴራሉን መስፈርት የሚያሟላ) የሆነ መንጃ ፈቃድ ወይም ፓስፖርት ያዙ። ከኢትዮጵያ ለጉብኝት የመጡ እናትና አባት ካሉ የመግቢያ ፈቃዱን ወታደሩ ወይም ዩኒቱ ቀደም ብሎ ማስጨረስ አለበት፤ በር ላይ ደርሶ መጠየቅ አያስገባም።

መኪናውን እዩት። ዘጠኝ ወር የቆመ መኪና ባትሪው ሞቶ፣ ጎማው አየር አጥቶ፣ ኢንስፔክሽኑና የሰሌዳው እድሳት አልፎበት ሊገኝ ይችላል። ኢንሹራንሱ ለቆመ መኪና ወደሚሆነው ርካሽ ሽፋን ተቀይሮ ከነበረ፣ ቁልፉ ከመዞሩ በፊት ወደ ሙሉ ሽፋን መመለስ አለበት።

2. የመጀመሪያዎቹ ቀናት

ኩዌት ካምፕ አሪፍጃንም ሆነ ጅቡቲ ካምፕ ለሞኒዬ የነበረ ሰው ሰውነቱ በአዲስ አበባ ሰዓት ነው የሚመጣው። ከዋሽንግተን ጋር ልዩነቱ በሰመር 7፣ በዊንተር 8 ሰዓት ነው። ሰውነት በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ያስተካክላል። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት፣ እስከ አሥር ቀን ድረስም ቢሆን፣ ገና በምሽት እንቅልፍ ይዞት ሄዶ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ቢነቃ ሕመም አይደለም። በሦስተኛው ሳምንትም እንደዚያው ከሆነ ግን ቀኑን መዝግቡት፤ ወደ ኋላ ይጠቅማል።

እዚህ ላይ ቡና መጣ። አቦሉ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከተቀዳ በረካው ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። ካፌይን ግማሹ እንኳ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። እንቅልፉ ያልተስተካከለን ሰው በዚያ ሰዓት ሦስት ስኒ አጠጥቶ «ለምን አይተኛም» ማለት አይገባም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቡናውን ወደ ረፋዱ 4 ሰዓት አምጡት። ሥርዓቱ አይጓደልም፤ ጭሱም ቄጤማውም ያው ነው።

ምግቡንም ቀስ በቀስ። ለወራት የካምፕ ምግብ የለመደ ሆድ በመጀመሪያው ቀን ሙሉ የዶሮ ወጥና ክትፎ ሲጫንበት ያምፃል። በአልጫና በለስላሳ ሽሮ ጀምሩ፤ ዶሮው ይሠራ፣ ግን ከጎን ጥቂት ይቅመስ። ክትፎውን ለብለብ ወይም ብስል አድርጉት፤ ጥሬው ሌላ ጊዜ።

መጠጥ ከዚህ ይለያል። ኩዌትና ኢራቅ የሚሰማሩ ወታደሮች መጠጥ በትእዛዝ የተከለከሉ ናቸው። ዘጠኝ ወር ያልጠጣ ሰው የድሮው መጠን አይችለውም። ድሮ አራት ቢራ ምንም የማያደርገው ሰው አሁን በሁለት ይሰክራል፣ ራሱ ግን አያውቀውም። «እንኳን ደህና መጣህ» እያለ ሁሉም አንዳንድ ሲቀዳለት ችግሩ መኪና ላይ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከድግስ ወደ ቤት የሚነዳው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን፤ እሱ አይሁን።

መንዳትንም በተመለከተ፦ ኢራቅ ወይም ሶሪያ ውስጥ በመኪና አጀብ የተጓዘ ሰው ሳያስበው የመንገዱን መሐል ይይዛል፣ ዳር ላይ የወደቀ ቆሻሻ ሲያይ ይሸሻል፣ ከድልድይ ሥር መቆም ይጨንቀዋል። ለጥቂት ቀናት ከጎኑ ተቀመጡ። አታርሙት፣ አትጩኹ፤ «ልንዳ?» ብቻ በሉት።

ድግሱ ራሱ እንዲህ ቢሆን እንመርጣለን፦ ከመጣ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከ15 ሰው ባልበለጠ፣ ለሁለት ሦስት ሰዓት። እልልታው ይሁን፤ ፊኛና ርችት ይቅር። ፊኛ በጀርባው ሲፈነዳ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ ሰው በእንግዳ ፊት የሚሰማውን ሐፍረት ቤተሰብ አያስብበትም። በሩን ማየት የሚችልበት ቦታ ላይ አስቀምጡት። ሲደክመው ያለ ማብራሪያ ተነሥቶ የሚገባበት ክፍል ይኑር፤ «የት ሄደ? ጥሩት» የሚል ዘመድ ካለም የሚያስቀር አንድ ሰው ይመደብ።

ያ ሰው ሌላም ሥራ አለው። የእኛ ሰው ሲሰባሰብ አንድ ጋሼ ወይም አንድ ለጋ ልጅ «ሰው ገድለሃል?» ማለቱ አይቀርም። ከዚያ በፊት ነገር ማስቀየር ነው። ሊጠየቁ የሚችሉት እነዚህን የመሳሰሉት ናቸው፦ ምን ትበሉ ነበር? ክፍል የምትጋራው ከማን ጋር ነበር? ሙቀቱ እንዴት ነው? በጣም የናፈቀህ ምንድነው? ስለ ከባዱ ነገር ራሱ ከጀመረ አድምጡ፣ ምክር አትቸኩሉ፣ «ተመስገን በል፣ ሌላው አለቀ እኮ» አትበሉ። ጓደኛው ካለቀ እንደዚያ ማለት ይከፋዋል።

3. የጤና ፎርሞቹ

ወታደሩ ሁለት ፎርም ይሞላል። የመጀመሪያው ዲዲ 2796 ነው፤ ከመመለሱ በፊትም ሆነ በኋላ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ይሞላል። ሁለተኛው ዲዲ 2900 ነው፤ ከተመለሰ ከ90 እስከ 180 ቀን ባለው ጊዜ ይሞላል።

የመጀመሪያው ላይ ብዙዎች ሁሉንም «የለም» ብለው ያልፋሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ «አለ» ካሉ ወደ ቤት መሄዳቸው የሚዘገይ ይመስላቸዋል። ለጊዜው ሁለት ቀን ያተርፋሉ፣ ከዓመት በኋላ ግን «ይህ ሕመም ከግዳጁ ነው» ሲሉ በራሳቸው ፊርማ «የለም» የሚል ወረቀት ይጠብቃቸዋል። እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 2020 ኢራን ኢራቅ ውስጥ ያለውን የአል አሳድ ቤዝ በሚሳይል ስትመታ በመጀመሪያ የተባለው የተጎዳ አሜሪካዊ የለም ነበር። በቀጣዮቹ ሳምንታት የአንጎል ጉዳት ደርሶባቸዋል የተባሉት ከ100 በላይ ሆኑ። ፍንዳታ ጭንቅላትን ሲያናውጥ ደም አይታይም፤ ምልክቱም እየቆየ ነው የሚመጣው፦ ራስ ምታት፣ የጆሮ ጩኸት፣ ብርሃን መጥላት፣ መርሳት፣ ቶሎ መቆጣት።

ስለዚህ ፎርሙ ላይ ፍንዳታ አጠገብ ነበርኩ ካለ ቀኑን፣ ቦታውን፣ በግምት ስንት ሜትር ርቀት ላይ እንደነበረና ከዚያ በኋላ የተሰማውን ይጻፍ። የቆሻሻ ማቃጠያ ጭስ አጠገብ ከኖረም እንዲሁ። ጋርድና ሪዘርቭ የሆኑት ጉዳቱ በግዳጅ ላይ የደረሰ መሆኑን የሚመሰክረውን ላይን ኦቭ ዲዩቲ የተባለውን ወረቀት ትእዛዛቸው (የተጠሩበት የአገልግሎት ጊዜ) ሳያልቅ ያስጀምሩ፤ ከዚያ በኋላ ማስጀመር እጅግ ያደክማል። የሕክምና መዝገቡንም ኮፒ ይዞ ይውጣ።

የቤተሰብ ድርሻ ማስታወሻ መያዝ ነው። ተራ ደብተር ይበቃል፦ ቀን፣ የተኛበት ሰዓት፣ የራስ ምታት፣ ያስቆጣው ነገር። ሦስት ወር ሲሞላ፣ ዲዲ 2900ን ከመሙላቱ በፊት ስጡት። ሰው ስለራሱ እንቅልፍ የሚያስታውሰው ትንሽ ነው። ደብተሩን ግን ተደብቃችሁ አትጻፉ፤ ሲያገኘው ስለላ ይመስለዋል።

ጋርድና ሪዘርቭ የሆኑት ከ30 ቀን በላይ ለውጭ ግዳጅ ተጠርተው ከነበረ፣ ትእዛዛቸው ባለቀ ማግስት የሚጀምር የ180 ቀን ትራይኬር (የጦሩ የጤና ኢንሹራንስ) ያለ ወርኃዊ ክፍያ ያገኛሉ። ለሚስትና ለልጆችም ነው። ዲርስ የተባለው የወታደሮችና የቤተሰቦቻቸው መዝገብ ካልታደሰ ግን ሐኪም ቤቱ «ኢንሹራንስ የለህም» ይላል፤ መጀመሪያ እሱን ያረጋግጡ።

ለጥርስም ከተሰናበተ ጀምሮ ለማመልከት 180 ቀን አለ። 90 ቀንና ከዚያ በላይ አክቲቭ ሆኖ (በሙሉ ጊዜ) ያገለገለ፣ ዲዲ 214 የተባለው የስንብት ወረቀቱ ላይ ሙሉ የጥርስ ምርመራና ሕክምና ተሰጥቶታል ተብሎ ካልተጻፈ፣ ቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) አንድ ጊዜ በነፃ ያክመዋል። በሥራ ብዛት ይህንን የሚያሳልፉ ብዙ ናቸው፤ የጥርስ ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ቀላል ገንዘብ አይደለም። ጦርነት ባለበት ቀጠና ያገለገለ ከተሰናበተ ጀምሮ ለ10 ዓመት ወደ ቪኤ ሕክምና በተሻለ ቅድሚያ መመዝገብ ይችላል። የጉዳት ካሳ ማመልከቻ ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ከገባ ክፍያው ከተሰናበተበት ማግስት ጀምሮ ይታሰባል፤ ከዓመት ካለፈ ካመለከተበት ቀን ወዲህ ብቻ።

4. ገንዘቡ

ዘመድ የማያውቀው አንድ ነገር አለ። በግዳጅ ላይ የነበረው ደመወዝ ትልቅ የሚመስለው በጦርነት ቀጠና ያለው ክፍያ ከታክስ ነፃ ስለሆነና የቤተሰብ መለያየት አበልና በወር እስከ 225 ዶላር የአደጋ ክፍያ ስለሚጨመርበት ነው። ሲመለስ ሁሉም ይቆማል። ወጪው ግን በአቀባበሉ ሰሞን ይጨምራል፤ አገር ቤት ያለውም «መጣ አሉ» ብሎ ይደውላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የደመወዝ ወረቀቶች እስኪታዩ ድረስ አዲስ ዕቁብ አይግባ፣ መኪና አይለወጥ፣ ለማንም ቃል አይገባ።

የደመወዝ ወረቀቱን በየወሩ እዩት። አንዳንድ ጊዜ አበሉ ሳይቆም ለወራት ይከፈላል። ትርፍ የተከፈለ ገንዘብ ቆይቶ እንደ ዕዳ ከደመወዝ ላይ ይቆረጣል። አበሉ ካልቆመ ለዩኒቱ ፋይናንስ አሳውቁ፣ ገንዘቡንም ለይታችሁ አስቀምጡ።

በግዳጅ ላይ ላሉ ጦሩ ባዘጋጀው የቁጠባ ፕሮግራም ያስቀመጠው ካለ፣ እስከ 10,000 ዶላር ድረስ በዓመት 10 በመቶ ይወልዳል። ወለዱ ከተመለሰ ከ90 ቀን በኋላ ይቆማል። ቀድሞ ማውጣት ኪሳራ ነው፣ ቆይቶ መተው ደግሞ ጥቅም የለውም።

ወደ አክቲቭ አገልግሎት ከመግባቱ በፊት የተበደረው የመኪና ብድር ወይም ክሬዲት ካርድ ካለ፣ በአገልግሎቱ ጊዜ ወለዱ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ሕጉ ያዛል። አበዳሪው ግን በራሱ አያደርገውም። የትእዛዙን ኮፒ አያይዞ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አገልግሎቱ ካለቀ በኋላም እስከ 180 ቀን ይቻላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው የሚታሰበው።

በጦርነት ቀጠና ላገለገለ የታክስ ማቅረቢያ ጊዜውም ቢያንስ በ180 ቀን ይራዘማል። ደብሊው-2 በተባለው የዓመቱ የደመወዝ መግለጫ ላይ ሳጥን 12 ውስጥ «ኪው» በሚለው ፊደል የተጻፈው ከታክስ ነፃ የሆነው የግዳጅ ክፍያ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በሚሰጠው የታክስ ተመላሽ ስሌት ውስጥ ይህን ክፍያ ማስገባትም መተውም ምርጫ ነው። የታክስ ሠራተኛው ሁለቱንም አስልቶ የሚሻለውን ይውሰድ፤ በሰፈር ታክስ የሚሠሩ ይህን ላያውቁት ይችላሉ።

ውክልናውስ? ሲሄድ ለወንድም ወይም ለሚስት የሰጠው ውክልና ቀኑ ካላለፈ አሁንም ይሠራል። በጽሑፍ ይሻር፣ ኮፒው ውክልናውን ለተቀበለው ሰውና ለባንኩ ይሰጥ።

5. ወደ ሥራ መመለስ

ይህ ለጋርድና ለሪዘርቭ ነው። ዩሴራ የተባለው ሕግ ሥራውን ይጠብቅለታል፤ ቀኑን ካሳለፈ ግን ይዳከማል። አገልግሎቱ ከ31 እስከ 180 ቀን ከነበረ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ180 ቀን በላይ ከነበረ በ90 ቀን ውስጥ ለአሠሪው ማመልከት አለበት። የሚቆጠረው ባሕር ማዶ የቆየበት ብቻ አይደለም፣ ሥልጠናውንም ጨምሮ ሙሉ ትእዛዙ ነው። በቃል ቢቻልም በኢሜይል ይሁን። የአሠሪውን የጤና ኢንሹራንስ ከያዘም ወዲያው ይመለስለታል፣ የመጠበቂያ ጊዜ የለም።

አንድ ወጥመድ፦ ኡበር ወይም ታክሲ በራሱ ስም ሲነዳ የነበረ ሰው በዚህ ሕግ አይሸፈንም፤ ተቀጣሪ አይደለምና። የመኪናው ወረቀት ጊዜው አልፎ መተግበሪያው ሒሳቡን ዘግቶትም ሊሆን ይችላል፤ ማስከፈቱ ቀናት ይፈጃልና ገቢ ከሚያስፈልግበት ቀን ቀድሞ ይጀመር።

ከአሠሪ ጋር አለመግባባት ከመጣ የመከላከያ ሚኒስቴሩ አደራዳሪ ኢኤስጂአር በ800-336-4590 ይገኛል፤ ነፃ ነው።

6. ቤት ውስጥ

ሚስት ዘጠኝ ወር ብቻዋን ቤት አስተዳድራለች፤ ሂሳቡን፣ ልጆቹን፣ የተበላሸውን ማሞቂያ። ባል መጥቶ በሦስተኛው ቀን «ይሄ ለምን እዚህ ሆነ?» ሲል ጠብ ይነሣል። ደንባችን፦ ለሁለት ሳምንት የቤቱ ሥርዓት እንደነበረ ይቀጥል፣ እሱ ይመልከት። በሦስተኛው ሳምንት ልጆች ከተኙ በኋላ ተቀመጡ፣ ሥራዎቹን በወረቀት ዘርዝሩ፣ ሁለት ወይም ሦስቱን ብቻ ወደ እሱ አዙሩ። ቀላሉን አይደለም፤ በእርግጥ የሚያስፈልገውን። እንግዳ ሆኖ ቆሻሻ ብቻ የሚያወጣ ሰው ቤቱ ያለ እሱም እንደሚሄድ ይሰማዋል።

ሕፃን ልጅ አባቱን ላያውቅ ይችላል፤ ያለቅሳል። አትስጡት፣ አታስገድዱት። መሬት ላይ ይቀመጥ፣ ልጁ ራሱ ይምጣ። አራትና አምስት ዓመት የሆነው ይለጠፍበታል፣ ሱቅ ሲሄድ እንኳ «ትመለሳለህ?» ይላል፤ በየጊዜው የሚመለስበትን ሰዓት ይንገረው፣ ይጠብቀውም። ጎረምሳ ዝም ይላል። እሱን በመኪና ጉዞ ወይም በሥራ መሐል እንጂ ፊት ለፊት አስቀምጦ ማናገር አይሆንም። ተግሣጹን ለአንድ ወር እናት ትያዘው።

እናት ወታደር ስትሆን ልጁን ብዙውን ጊዜ የያዙት አያት ናቸው፤ ከአዲስ አበባ ለዚሁ የመጡም አሉ። ልጁ አያቱን «እማዬ» ማለት ጀምሮ ይሆናል። ይህ እናቲቱን ይሰብራታል፣ አያትንም ያሳፍራል። መፍትሔው አያትን ወዲያው ማራቅ አይደለም። ሁለት ሦስት ሳምንት አብረው ይቆዩ፦ በመጀመሪያው ሳምንት አያት ያጥባሉ እናት ታቀብላለች፣ በሁለተኛው እናት ታጥባለች አያት ያቀብላሉ፣ በሦስተኛው እናት ብቻዋን። አያት እንዲቆዩ የተፈቀደላቸው ጊዜ በዚህ መሐል እንዳያልቅ አይ-94 በተባለው የመግቢያ መዝገብ ላይ ያለውን ቀን እዩ።

ጋርድና ሪዘርቭ ከተመለሱ በ30፣ በ60ና በ90 ቀን ገደማ የሎው ሪበን የተባለ የቤተሰብ ዝግጅት አላቸው። የጉዞና የሆቴል ወጪ ይሸፈናል፣ ያላገባ ወታደር ወላጆቹን ይዞ መሄድ ይችላል። ስብሰባ ነው ብላችሁ አትቅሩ፤ ከላይ የጻፍናቸውን ወረቀቶች የሚያውቁ ሰዎች በአንድ ክፍል የሚገኙበት ነው።

7. መቼ እርዳታ ይጠራ?

ከአንድ ወር በኋላም እንቅልፍ ካጣ፣ ከቤት አልወጣም ካለ፣ በየቀኑ ከጠጣ፣ በሌሊት በርና መስኮት እየዞረ ከፈተሸ፣ «እኔ ባልኖር ይሻላችኋል» ዓይነት ንግግር ከጀመረ ነው። የመጨረሻውን ከሰማችሁ ወር አትጠብቁ። «ራስህን ልትጎዳ አስበሃል?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥረውም። ወደ ቀውስ እርዳታ መስመሩ 988 ደውሉና 1 ቁጥርን ተጫኑ፤ ቤተሰብም መደወል ይችላል። በጽሑፍ መልእክት ከሆነ 838255 ነው።

ቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ ካለ ተቆልፎ፣ ጥይቱ ለብቻ፣ ቁልፉ ሌላ ሰው ጋር። ቪኤ የሽጉጥ መቆለፊያ ገመድ በነፃ ይሰጣል።

ለቀለል ያለው፦ ሚሊተሪ ዋንሶርስ የተባለው የጦሩ የምክር አገልግሎት 800-342-9647። ለአንድ ጉዳይ እስከ 12 ጊዜ በነፃ ያማክራል፣ አስተርጓሚም ያቀርባል፤ ስትደውሉ «አማሪክ ኢንተርፕሪተር» በሉ። ቬት ሴንተር የተባለው የቪኤ የምክር ማዕከል ደግሞ 877-927-8387፤ ለቤተሰብም ነፃ ነው፣ መዝገቡንም ያለ ወታደሩ ፈቃድ ለጦሩ አይሰጥም። «ክሊራንሴን (ምስጢር የማየት ፈቃዴን) ይወስዱብኛል» የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን ያስቀራል፤ ምክር መጠየቅ በራሱ ክሊራንስ አያሳጣም። የዩኒቱ ቄስ፣ ቻፕሊን የሚሉት፣ የተነገረውን ያለ ወታደሩ ፈቃድ ለኮማንደሩ አይናገርም።

ጠበልና ጸሎት ካላችሁ ይሁን። የንስሐ አባቱም ይስሙት። ነገር ግን ጠበል ስለተጀመረ የታዘዘ መድኃኒት አይቁም። የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒት አንዳንዱ በድንገት ሲቋረጥ ሰውን ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፣ ከዚያ «ክፉ መንፈስ ተነሣበት» ይባላል። የተነሣው የመድኃኒቱ መቋረጥ ነው። አባትየውንም ስለ መድኃኒቱ ንገሯቸው፤ አብዛኞቹ ሁለቱንም አብረህ ያዝ ነው የሚሉት።

8. «አገር ቤት ወስደን እናሳርፈው»

ሐሳቡ መልካም ነው፣ ትኬቱ ግን ይቆይ። አክቲቭ የሆነ ወታደር ወደ ኢትዮጵያ ለመሄድ ከእረፍት ፈቃዱ ሌላ የኮማንደሩ የውጭ ጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ይህም ሳምንታት ይወስዳል፣ በአገሪቱ ሁኔታም ሊከለከል ይችላል። ክሊራንስ ያለው የጋርድ ወይም የሪዘርቭ አባልም ትእዛዙ አልቆም ቢሆን ከመሄዱ በፊት ማሳወቅ አለበት። የሠርግ ቀን ቆርጣችሁ ከሆነ መጀመሪያ ፈቃዱ በእጁ መግባቱን ጠይቁ፣ ከዚያ አዳራሹን ያዙ።